«የተራራው መድኃኒት»፦ የቻይና ቦዬ ያስተማረኝ፣ በስኳር ክኒን ላይ ያጠፋሁት

ዱባይ ውስጥ አንድ የቻይና ቤተሰብ ቤት ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ማዳም ከገበያ ያመጣችውን ረጅም ካርቶን ኩሽና ውስጥ አስቀምጣ «ይሄን ላጪልኝ፣ ለሾርባ ነው» ብላኝ ወጣች። ስከፍተው ሰጋቱራ ውስጥ የተቀበረ ዱላ የመሰለ ነገር አገኘሁ። ከክንዴ ይረዝማል። ቆዳው ቡናማ ነው፤ ጥቃቅን ፀጉር አለው። በባዶ እጄ መላጥ ጀመርኩ። ውስጡ ነጭ ሆኖ እንደ ተልባ ውሃ ያሙለጨልጫል፤ ከእጄ እየሾለከ ያመልጠኛል።

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከመዳፌ እስከ ክርኔ ያሳክከኝ ጀመር። በሳሙና ታጠብኩ፣ አልተሻለኝም። አከክሁት፣ ባሰበት። ክንዴ ቀላ። «በሽታ አለባት ብለው ያባርሩኛል» ብዬ ፈራሁና እጄን በፎጣ ሸፍኜ ዝም አልኩ። የደረሱልኝ የባለቤቷ እናት ናቸው። ልጆቹ «ናይናይ» ይሏቸዋል፤ በቻይንኛ የአባት እናት ማለት ነው። እኔም እንደ ልጆቹ ናይናይ ነበር የምላቸው። ክንዴን ሲያዩ ምንም ሳይናገሩ ኮምጣጤ አምጥተው አፈሰሱልኝ፣ ቀስ አድርገው አሹልኝ። ከዚያ መሳቢያ ከፍተው የላስቲክ ጓንት ሰጡኝ።

ያ ሥር ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ከእጄ አልጠፋም። ለመድኩት፣ ወደድኩትም፤ ጥሩ ምግብ ነው። ግን በዚሁ ሥር ሰበብ አንዲት ጓደኛዬን ለአደጋ አጋልጫታለሁ። ሁለቱንም ልንገርሽ።

ሥሩ ምንድን ነው?

ቻይናውያን «ሻንያው» ይሉታል። ጃፓኖች «ናጋይሞ»፣ ኮሪያውያን ደግሞ «ማ» ይሉታል። እኛ ቦዬ የምንለው ተክል ዘመድ ነው። እኔ ያደግሁት ወላይታ ስለሆነ ቦዬን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ከእንሰትና ከጎደሬ ጋር ጓሮ ይተከላል፤ ተቀቅሎ በዳጣ ሲበላ የሚጠግበው የለም። የቻይናውም እንደኛው ሐረጉ ወደ ላይ ይጠመጠማል፣ የሚበላው ክፍል ግን አፈር ውስጥ ወደ ታች ያድጋል። ሲነቀል እንዳይሰበር በጥልቀት ተቆፍሮ ነው የሚወጣው።

አንድ ትልቅ ልዩነት አላቸው። የቻይናውን ቦዬ ሰዎች በጥሬው ይበሉታል። የእኛን አገር ቦዬ ግን በጥሬው እንዳትሞክሪ! ከቦዬ ዓይነቶች መካከል በደንብ ካልበሰሉ መርዝ የሚሆኑ አሉ።

ናይናይ የመጡት ከሄናን ክፍለ ሀገር፣ ከጅያውዞ ከተማ አካባቢ ነው። በቻይና ምርጡ ሻንያው የዚያ አካባቢ ነው ይባላል። ቀጭኑን ዓይነት «የብረት ዘንግ» ብለው ይጠሩታል፤ ቆዳው ላይ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ አለው። ሲበስል እንደ ድንች ዱቄታማ ስለሚሆን ለሾርባና በእንፋሎት ለማብሰል ይመረጣል። ወፍራሙና ለስላሳው ውሃ ይበዛዋል፤ ሲታኘክ ቆርሸም ቆርሸም ይላል፣ ለጥብስ ይሆናል። እኔ መጀመሪያ ላይ ወፍራሙን ለሾርባ ከትቼ «ይሄ ምን ዓይነት ሾርባ ነው?» ተብያለሁ። አንቺ እንዳትሳሳቺ።

ለምን ያሳክካል?

ከቆዳው ሥር በዓይን የማይታዩ መርፌ የመሰሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። ካልሲየም ኦክሳሌት ይባላሉ። ስትልጪው ቆዳሽን ይወጋሉ። ጎደሬም የሚያሳክከው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ፦

• ከመላጥሽ በፊት ጓንት አድርጊ። እጅጌሽ ረጅም ይሁን። ጓንት ከሌለ «ጓንት ግዙልኝ» ማለት ቅንጦት አይደለም፣ የሥራ ዕቃ ነው።
• ከነቆዳው አጥበሽ ለጥቂት ደቂቃ ከቀቀልሽው ወይም በእንፋሎት ካበሰልሽው በኋላ ብትልጪው ማሳከኩ በጣም ይቀንሳል።
• ካሳከከሽ አትከኪው። በኮምጣጤ ወይም በሎሚ አሽተሽ በብዙ ውሃ ታጠቢ። ቆዳሽ ከተሰነጠቀ ወይም ከቆሰለ ግን ኮምጣጤው ስለሚያቃጥልሽ በውሃ ብቻ አጥቢው።
• በዚያ እጅሽ ዓይንሽን እንዳትነኪ።
• የተላጠው ቶሎ ስለሚጠቁር ኮምጣጤ ጠብ ያለበት ውሃ ውስጥ ክተቺው።

ከንፈርሽ ወይም ፊትሽ ካበጠ፣ ጉሮሮሽ ከጠበበ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ግን ይሄ ተራ ማሳከክ አይደለም፣ አለርጂ ነው። ጊዜ ሳታጠፊ አምቡላንስ ይጠራልሽ።

ኩሽና ውስጥ

ናይናይ በብዛት የሚያሠሩኝ ሾርባ ነበር። ዶሮ ወይም የጎድን አጥንት መጀመሪያ ለብቻው ይፈላል። ሻንያው የሚገባው መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ቶሎ ከገባ ይፈርሳል። ትንሽ ዝንጅብል፣ የደረቀ ቀይ የቻይና ቴምርና ጎጂ የሚባለው ቀይ ፍሬ ይጨመርበታል። ብዙ የቻይና ቤት የሚሠራው በአሳማ አጥንት ነው። አሳማ የማትበዪ ከሆነ ከመቅመስሽ በፊት ጠይቂ፤ «ለኔ የዶሮውን ለብቻ ላውጣ?» ብትዪ ነውር የለውም።

ጥብሱ ደግሞ ለጾም ይሆናል። ሻንያው በስሱ ይከተፋል፤ ውሃ ውስጥ የራሰ ጥቁር እንጉዳይ፣ ካሮትና ነጭ ሽንኩርት ተጨምሮ በዘይት ጠበስ ይደረጋል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ለጠዋት ቁርስ ከሩዝ ወይም ከማሽላ ዘር ጋር ገንፎ መሳይ ቀጭን አጥሚት ይሠራል። ለልጆችና ለታመመ ሰው የሚሰጡት ይሄንን ነው።

ጃፓን ቤት የምትሠራ ጓደኛዬ ደግሞ በጥሬው ፈቅፍቃ ሩዝ ወይም ኑድል ላይ እንደምታፈስ ነግራኛለች፤ «ቶሮሮ» ይሉታል። ልክ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። ለዚህ ዕቃሽም እጅሽም በጣም ንጹሕ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም እሳት አያየውም። ታይዋኖች ሻንያውን ከሎተስ ፍሬና ከሌሎች ሁለት ደረቅ ነገሮች ጋር ቀቅለው «የአራቱ» የሚባል ሾርባ ይሠራሉ። የሆድ ሾርባ ነው፤ ምግብ ለማይረጋላቸው ልጆች ይሰጡታል።

ስሙ ውስጥ ያለው «መድኃኒት»

ሻንያው ማለት ቃል በቃል «የተራራ መድኃኒት» ነው። ድሮ ስሙ ሌላ ነበር። የንጉሥን ስም መጥራት ነውር ስለነበር ከነገሥታቱ የሁለቱ ስም ከዚህ ተክል ስም ጋር ስለተመሳሰለ ሁለት ጊዜ ተቀይሮ አሁን ያለውን ስም ያዘ ይባላል። ከጥንታዊዎቹ የቻይና የመድኃኒት መጻሕፍት አንዱ ሻንያውን ለረጅም ጊዜ ቢወሰድ ጉዳት የለውም ከሚላቸው ከፍተኛ ደረጃ ካላቸው ዕፅዋት ጋር መድቦታል። በባህላቸው ሆድን፣ ሳንባንና ኩላሊትን ያበረታል ይላሉ። በሶንግ ዘመን ችየን ዪ የሚባል የሕፃናት ሐኪም ከስድስት ነገሮች ያዘጋጀው እስከ ዛሬ የሚሸጥ ክኒን አለ፤ ከስድስቱ አንዱ ሻንያው ነው።

የስኳሩም ወሬ ከዚሁ ይመጣል። የድሮ የቻይና ሐኪሞች ሰውዬው እየጠማውና ብዙ እየሸና የሚከሳበትን በሽታ ያውቁ ነበር። ጃንግ ሺቹን የተባለው ሐኪም (እ.ኤ.አ. 1860–1933) ለዚህ በሽታ ባዘጋጀው መድኃኒት ውስጥ ሻንያው በብዛት ይገባል። ግን ልብ በይ፦ ኢንሱሊን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። እሱ በዚያ ዘመን በእጁ ባለው ነገር ነው ያከመው። ዛሬ እኛ ጋር ሌላ ነገር አለ።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ያኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ናይናይ ስኳር አለባቸው፣ በየቀኑ ሻንያው ይበላሉ፣ ደግሞም ጤነኛ ናቸው።

ያጠፋሁት

በዕረፍት ቀኔ የማገኛት አንዲት የአገሬ ልጅ ነበረች። ስኳር እንዳለባት ታውቃለች፤ ሜትፎርሚን በቀን ሁለት ጊዜ ትወስዳለች። ለአሠሪዎቿ አልተናገረችም። ክኒኑን ከደመወዟ በሾፌሩ በኩል ነበር የምታስገዛው። አንድ ቀን «ክኒኔ አልቋል፣ ብሩን ለእናቴ ልኬ ባዶ ነኝ» አለችኝ። እኔም ልረዳት ብዬ «እኛ ቤት ያሉት እናት ስኳራቸውን የያዙት በአንድ ሥር ነው፤ ስሙ ራሱ መድኃኒት ማለት ነው» አልኳት። በሚቀጥለው ሳምንት ከድራጎን ማርት የደረቀ ሻንያው ገዝቼ ሰጠኋት። ስጦታ ነበር።

እሷ ክኒኑን ሙሉ በሙሉ ተወችው። ደረቁን ሻንያው ከቀይ ቴምር ጋር እየቀቀለች፣ ማር ጠብ አድርጋበት ጠዋትና ማታ ጠጣች። ከሁለት ሳምንት በኋላ በስልክ «ውሃ አይጠግበኝም፣ ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ሽንት ቤት እሄዳለሁ» አለችኝ። «ሰውነትሽን እያጠበው ነው» አልኳት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ! ከዚያ ዓይኗ ብዥ አለባት። ቀጥሎ ማስመለስ ጀመረች፤ አንድ ጠዋት ኩሽና ውስጥ ወደቀች። አሠሪዋ አምቡላንስ ጠራች። ሆስፒታል ሲለኩት ስኳሯ ከ500 በላይ ነበር። ኢንሱሊንና ግሉኮስ የሌለው ብዙ ፈሳሽ በደም ሥሯ ተሰጥቷት ከቀናት በኋላ ወጣች። ተርፋለች።

እያለቀስኩ ለናይናይ ነገርኳቸው፤ ትልቋ የልጅ ልጃቸው አስተረጎመችልኝ። ዝም ብለው ሰሙኝና ክፍላቸው ይዘውኝ ገቡ። የአልጋቸውን ኮመዲኖ ከፈቱ። ውስጡ የሜትፎርሚን ፓኬት ነበር። በየጠዋቱ ቁርስ ሲበሉ ይውጡ ነበር። ሾርባውን የማቀርበው እኔ ስለሆንኩ ያየሁት ሾርባውን ነው። ክኒኑን አላየሁትም።

ሻንያው ስኳር ላይ ምን ያደርጋል?

ሻንያው ስታርች ያለው ምግብ ነው፣ እንደ ድንችና እንደ ቦዬ። እርጥቡ 100 ግራም ውስጥ 15 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለ። ሲደርቅ ውሃው ስለሚወጣ በ100 ግራም ከ70 ግራም በላይ ይሆናል። ማለትም አንድ እፍኝ ደረቅ ሻንያው ትንሽ ቢመስልም ትልቅ ቁራጭ እርጥብ ሻንያው ነው። ማርና ቴምር ሲጨመርበት በግልጽ ስኳር መጨመር ነው። በእንስሳት ላይ የተሠሩ ጥናቶች ስኳር ሊቀንስ እንደሚችል ጠቁመዋል። ለሰው ክኒንን ይተካል የሚል ማረጋገጫ ግን የለም።

ስኳር ካለብሽ ሻንያው መብላት ትችያለሽ። በሩዝ ወይም በዳቦ ፋንታ በልኩ ብዪው፣ በላዩ ላይ አትጨምሪው። ክኒንሽን ግን በራስሽ ውሳኔ አታቁሚ፣ አትቀንሺ። ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው መፈለግ ጀምሪ።

ሁለት ምልክቶችን ለይተሽ እወቂ፦

• ስኳር ሲበዛ፦ የማይቆርጥ ጥም፣ ብዙ ሽንት፣ ድካም፣ የዓይን ብዥታ፣ ክሳት። ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ፣ አፍ ላይ የፍራፍሬ ሽታ ወይም መደናበር ከመጣ ሰዓት የማይሰጥ ነው፤ ሆስፒታል።
• ስኳር ሲወርድ፦ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ልብ መምታት፣ ግራ መጋባት። ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ወዲያው ጠጪ። በ15 ደቂቃ ካልተሻለሽ ድገሚና እርዳታ ጥሪ። ራሷን ለሳተች ሰው በአፏ ምንም አትስጪ።

በፓኬት ስለሚሸጠው

ደረቅ ሻንያው ስትገዢ ወይም ስታበስዪ ከልክ በላይ ነጭ ሆኖ የሚኮመጥጥ ሽታ ካለው ተይው፤ እንዲነጣ በድኝ ጭስ ታጥኖ ሊሆን ይችላል። ተፈጥሯዊው ትንሽ ቢጫ ያደላል።

ከዚህ የባሰው ክኒንና ዱቄት ነው። «ከዕፅዋት ብቻ የተሠራ፣ ስኳር የሚያጠፋ» ተብሎ በስልክ የሚሸጥ ክኒን ውስጥ ምን እንዳለ በዓይን አይታወቅም። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲንጋፖር ውስጥ ለወንዶች ኃይል ይሰጣሉ ተብለው የተሸጡ ክኒኖች ውስጥ ግሊቤንክላሚድ የሚባል የስኳር መድኃኒት ተደብቆ ተገኝቷል። ስኳር የሌለባቸው ከመቶ በላይ ሰዎች ስኳራቸው ወርዶ ሆስፒታል ገቡ፤ የሞቱም አሉ። ፋርማሲ ካልሆነ ቦታ ክኒን አትግዢ።

አሠሪሽ «ይሄን ጠጪ፣ ይሻልሻል» ብላ የባህል መድኃኒት ብትሰጥሽ ስሙን የመጠየቅና «ይቅርታ ማዳም፣ ሐኪም ይየኝ» የማለት መብት አለሽ። ለልጅ ወይም ለአዛውንት መድኃኒት ቀቅለሽ እንድትሰጪ ከታዘዝሽ ደግሞ መጠኑን በጽሑፍ ወይም በዋትስአፕ እንዲልኩልሽ ጠይቂ፣ ፓኬቱንም አትጣዪ። ነገር ቢመጣ ለሐኪሙም ለአንቺም ይጠቅማል።

መሳቢያ ውስጥ የነበረው ካርድ

ጓደኛዬ ሆስፒታል ስትገባ አንድ ነገር አወቅን። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጤና ኢንሹራንስ ነበራት። ካርዷ አሠሪዋ መሳቢያ ውስጥ ነበር። እሷ አልጠየቀችም፣ አሠሪዋም አልነገረቻትም። ያን ሁሉ ወር ክኒኑን ከደመወዟ ትገዛ ነበር። አሠሪዋ ተቆጣች፤ የተቆጣችው ግን በመታመሟ ሳይሆን በመደበቋ ነው። ሥራዋንም አላጣችም። ሁሉም አሠሪ እንዲህ ነው አልልሽም። ግን ሕጉ ምን እንደሚል አውቀሽ መጠየቅ ሳታውቂ ከመፍራት ይሻላል።

• ዱባይ፦ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ሕግ ቁጥር 11 አሠሪ ለቤት ሠራተኛው የጤና ኢንሹራንስ እንዲገባ ያዛል፤ ወጪው የአሠሪው ነው። በብዙ ክሊኒኮች የኢሚሬትስ መታወቂያሽን ስታሳዪ ኢንሹራንስሽን ያዩታል።
• መላው ኢሚሬትስ፦ በ2022 በወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 9 መሠረት በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ አለሽ፤ የመጀመሪያው 15 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው። የሐኪም ወረቀት ያዢ።
• ሳውዲ፦ በሐኪም ወረቀት በዓመት እስከ 30 ቀን የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ አለ።
• ኳታር (ሕግ ቁጥር 15፣ 2017) እና ኩዌት (ሕግ ቁጥር 68፣ 2015)፦ ሕክምናሽ የአሠሪው ኃላፊነት ነው።
• ሊባኖስ፦ የሥራ ሕጉ የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም። ስለዚህ ውልሽ ላይ የተጻፈውን ይዘሽ ነው የምትከራከሪው፤ የውልሽን ፎቶ ስልክሽ ላይ አስቀምጪ።

የአምቡላንስ ቁጥሮች፦ ኢሚሬትስ 998፣ ሳውዲ 997፣ ኳታር 999፣ ባህሬን 999፣ ኩዌት 112፣ ኦማን 9999፣ ሊባኖስ ቀይ መስቀል 140፣ ዮርዳኖስ 911። አሁኑኑ ስልክሽ ላይ መዝግቢ።

ለአሠሪሽ መናገር ከከበደሽ አጭር አድርጊው፦ «ማዳም፣ ስኳር አለብኝ። ክኒን ከወሰድኩ ሥራዬን በደንብ እሠራለሁ። የኢንሹራንስ ካርዴን እፈልጋለሁ።» ፊት ለፊት ካልቻልሽ በጽሑፍ ላኪው፤ ማስረጃም ይሆንሻል።

ጓደኛዬ ዛሬም እዚያው ቤት ትሠራለች። ካርዷ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ክኒኗን ጠዋትና ማታ ከምግብ ጋር ትወስዳለች። ባለፈው የዕረፍት ቀናችን ሻንያውን በእንጉዳይ ጠብሼ ወሰድኩላት። ሣህኑን ስታይ ሳቀችና «ይሄ መድኃኒት ነው ወይስ ምሳ?» አለችኝ። «ምሳ ነው» አልኳት። በላን።